ሚስማር ተራ፣ ካስተም ገበያ

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እዚህ ጁባ ካስተም ገበያ ያለውን ምግብ ቤታቸውን እንደ አዲስ አበባ ስታዲየም ከፋፍለውት ነበር። በረንዳው ጥላ ፎቅ ነው። በኩሽናው በር በኩል ያለው አግዳሚ ወንበር ደግሞ በወጣትነታቸው ኳስ ያዩበት የነበረው ሚስማር ተራ። «ለሚስማር ተራ አንድ ሽሮ!» ይላሉ፣ ከዚያው ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ አዲስ አበባ የሚሠራውን አዲሱን ስታዲየም ሲያሳይ ደንበኞች አጨበጨቡ። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ።

«ዝጊው! ጣውንት ሲያመጡባት ቁጭ ብዬ ላይ ነው? ያቺ የድሮዋ ምን አጠፋች?»

«ጋሼ ደግሞ፣ ለስታዲየምም ይቀናል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባቸው።

አርባቸው እንዳለፈ ዘመዶቻችን አግዳሚውን አውጥተው የሚያብረቀርቁ የፕላስቲክ ወንበሮች ደረደሩ። ያየ ሁሉ «አማረበት» አለ። ትናንት አንድ እንግዳ የጋሼ ቦታ ላይ እግሩን ዘርግቶ ያንኑ ስታዲየም በቴሌቪዥን ሲያደንቅ ደሜ ፈላ።

«ሰው አለው» አልኩት።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ እህቴ» ብሎ ተነሣና ሌላ ወንበር ያዘ። በልቶ እስኪጨርስ ድረስ፣ የሚመጣውን ሰው ለማየት በሩን በሩን ያይ ነበር። እኔም አብሬው።