የአባቴ ካሴቶች ኮምፒውተር ውስጥ የገቡበት ክረምት

አባቴ ጆሮው መድከሙን ለማንም አልተናገረም። እኛ ያወቅነው የቴፑ ድምፅ ከመንገድ መሰማት ሲጀምር ነው። አሶሳ እኔ ቤት መኖር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጁ ገና ወደ ሰፈራችን ሳይታጠፍ የሰርግ ዘፈን ይሰማኛል። ስገባ አባቴን ቴፑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ቀና ብሎ አየኝና፣

«ካሴቶቹ አረጁ መሰለኝ፤ ድምፃቸው እየራቀ ነው» አለኝ።

ያረጁት ካሴቶቹ ብቻ እንዳልሆኑ አላልኩትም።

አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ካሴት ነበረው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ሲመጣ ባዶ እጁን ነበር፤ ቴፑን የገዛው እዚህ ከሰፈረ በኋላ የመጀመሪያውን የሰሊጥ ምርት ሸጦ ነው። በመንደሩ ቴፕ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ሰርግ ሲኖር ይጠሩታል። መንዙማ ሲባልም፣ ደቦ ሲወጣም፣ ጎረቤቶቻችን በርታዎች ዋዛ የሚሉትን የቅል ጥሩምባ ይዘው ሲጨፍሩም ባዶ ካሴት እያስገባ ይቀዳል። ከመካከላቸው ሱቅ የተገዛ የዘፋኝ ካሴት አንድም የለም፤ ሁሉም የሰፈር ሰው ድምፅ ነው። በአንዱ ላይ ደግሞ እናቴ አለች።

እናቴ የሞተችው እኔ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ድምፅዋን አላውቀውም። ልጅ ሆኜ አባቴ ሊያሰማኝ ሲሞክር እያለቀስኩ እሮጥ ነበር ይላሉ። ካደግሁ በኋላ ደግሞ እሱም አላነሳው፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ፓዌ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር። የአባታችንን ነገር በስልክ ስነግራት፣

«ኮምፒውተር ላይ ገልብጠው» አለች። «ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ በጆሮ ማዳመጫ ይስማው። ለእኔም ትልክልኛለህ።»

እሺ አልኳት። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ በኮምፒውተር የማውቀው ፈተና መተየብ ብቻ ነው። ክረምት ነበር፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ጊዜ አለኝ ብዬ ነው።

ምን ልግዛ የሚለውን መጀመሪያ የጠየቅሁት ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ባልደረባዬን ነው። «ዴስክቶፕ ግዛ» አለኝ። «ላፕቶፕ ለመንገደኛ ነው፤ አንተ የት ትሄዳለህ?» ገበያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ነጋዴ ደግሞ «በዚህ መብራት ዴስክቶፕ የሚገዛ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ በስልክ «የምን ሃርድ ዲስክ ነው? ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው» እያለኝ ሳለ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሁሉም እርግጠኞች ነበሩ። እኔ ግን አንዱን ሰምቼ ወደ ሌላው ስሄድ የበፊቱ ስህተት ይመስለኛል፤ ተመልሼ ስሰማው ደግሞ ትክክል ይሆንብኛል።

በመጨረሻ ባልደረባዬን አመንኩና ከዚያው ነጋዴ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ ገዛሁ። ባልደረባዬም ድምፅ የሚቀዳ አንድ ሶፍትዌር፣ የተቀዳውን በየዓይነቱ የሚደረድር ሌላ ሶፍትዌር በፍላሽ አምጥቶ ጫነልኝ። ቴፑን በኬብል አገናኘን። ካሴት ሲገለበጥ ማፍጠኛ የለውም፤ የአንድ ሰዓቱ ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠፋ። ቴፑ ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ስለነበር አላቆመም፤ ሴቶቹ እልል እያሉ መዝፈናቸውን ቀጠሉ፣ የሚቀዳቸው ግን አልነበረም። መብራት ሲመጣ ብከፍተው ምንም አልተቀመጠም። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሳምንቱ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ ገዝቼ አስገባሁ፤ የአሶሳ መብራት ግን በክረምት ከሄደ በጥቂት ደቂቃ አይመለስም።

አባቴ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። «እንዴት ነው?» ይለኛል፤ «እየተሞከረ ነው» እለዋለሁ። አይሰማም መሰለኝ፣ ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ዴስክቶፑን ለነጋዴው መልሼ ያገለገለ ላፕቶፕ ወሰድኩ። «አላልኩህም?» የሚለውን ፊቱ ላይ አነበብኩት። መብራቱን ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣ። ላፕቶፑ ለኬብል ያለው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት፤ እሷም ለማይክራፎን የተሠራች ናት። የተቀዳው ሁሉ ከስር እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ አለበት። ባልደረባዬ ሶፍትዌሩን ይለውጠው ነበር፣ እኔ ኬብሉን እለውጥ ነበር። ወፍጮው አልቆመም።

ቴፑን ይዤ ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግኑት ሐጂ ሄድኩ። በርታ ናቸው፤ በአማርኛቸው አንዳንዴ ወንዱና ሴቱ ይቀላቀልባቸዋል። አባቴንም ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የቴፑን ሆድ ከፍተው በባትሪ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ኮምፒውተር ስንት ጊዜ ገዛህ?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ይቺ ቴፕ ስንት ጊዜ ተጠረገ?»

በስንጥር ጫፍ ጥጥ ጠቅልለው አልኮል ነከሩና ካሴቱን የሚያነበውን ብረት ጠረጉት። ጥጡ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሦስት ጊዜ ጠርገው ካሴቱን የሚስበውን ጎማም ለወጡት።

«ድምፅ እዚህ ነው የሚወለደው» አሉኝ። «እዚህ ከታመመ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ካሴቶቹም ሻጋታ ካላቸው እንደገና ታቆሽሸዋለች። መጀመሪያ ካሴት አጽዳ።»

ለላፕቶፑም ጣት የምታክል፣ የቴፑን ድምፅ ተቀብላ ወደ ውስጥ የምታስገባ መሰኪያ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ወፍጮው ጠፋ። አንድ ወር የሚጠጋ የደከምኩበት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተስተካከለ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

ካሴቶቹን ማጽዳት የጀመርኩት ዓርብ ቀን አባቴ መስጊድ ሄዶ ሳለ ነው። እያንዳንዱ ካሴት በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የተቀመጠው። አሮጌ ቁርጥራጭ ነው፤ የሻሽ፣ የሽርጥ፣ የቀሚስ ጨርቅ። የእኛ ክረምት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጨርቁ ሁሉ ሻግቷል፣ አንዳንዱ ሲነካ ይበጣጠሳል። አባቴ ከአቧራ ሊጠብቃቸው የጠቀለላቸው መሰለኝ። ፈታታሁና ካሴቶቹን አንድ በአንድ ጠርጌ በማርከር ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ከአንድ ጀምሬ፣ እጄ እንዳነሳው ቅደም ተከተል። ጨርቁን ጓሮ ወስጄ ከሰፈሩ ቆሻሻ ጋር አቃጠልኩት። ሥራዬ ንጹሕ ሆኖ ታይቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያልኩ መገልበጥ ቀጠልኩ። ሶፍትዌሩ በምን መልክ ላስቀምጥልህ ሲለኝ ቦታ እንዳይጨርስብኝ ድምፁን ጨምቆ የሚያስቀምጠውን መረጥኩ። ሐጂ አንድ ቀን ሊጠይቁን ሲመጡ የሰዎቻቸውን ጥሩምባ ከፈትኩላቸው። ትንሽ አዳምጠው፣ «ይሄ ዋዛ አይደለም፤ ዝንብ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ወፍራሙ ድምፅ ተቆርጦ ቀጭኑ ብቻ ቀርቷል። ያንን ሁሉ ከመጀመሪያ ጀምሬ እንደገና ገለበጥኩት። በሁለተኛው ዙር አንዱ ካሴት ተበጠሰ። ሐጂ ሊቀጥሉት ሞክረው ነበር፤ ክሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ።

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ሁሉም አለቀ። ጥሩ የሚባል የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁና አባቴን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጆሮው ላይ ደፋሁለት። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከሰርጉ ዘፈኖች አንዱን መረጥኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ፈገግ አለ።

«ማሻአላህ» አለኝ። «ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ገና አልከፈትኩትም ነበር።

ከፈትኩት። ድምፁን ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ያችው ፈገግታ ነበረች። ድምፁ ከማዳመጫው አምልጦ ለእኔ እስኪሰማኝ ድረስ ጨመርኩት። ዓይኑን ገልጦ «በቃ፣ ደከመህ፣ እረፍ» አለኝ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደዚህ እንደሚያደርግልኝ አላውቅም። ቴፑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ያገኘሁባቸውን ቀናት እያሰብኩ ማዳመጫውን አነሣሁለት።

በነጋታው የሚደረድረውን ሶፍትዌር ከፈትኩ። ሁሉንም ፋይሎች በየተራ ደርድሯቸው፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት «ያልታወቀ ዘፋኝ» ብሎ ጽፏል። ከላይ እስከ ታች ያው ነው። ዘፋኙን ሙላ፣ ዓመቱን ሙላ ይለኛል። ምኑን ልሙላ? የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው። ጆሮው ሥር ተጠግቼ ጮህኩ።

«አባባ! የእማዬ ድምፅ የትኛው ላይ ነው?»

ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሲገባው ፊቱ በራ።

«እሱማ ቀላል ነው። በቀሚሷ ቁራጭ የጠቀለልኩት ነው፤ አበባ ያለበት ሰማያዊ። ሁሉንም በጨርቃቸው ነው የማውቃቸው። የሰርጉን በሙሽራዋ ዘመድ ሻሽ፣ የደቦውን በሽርጥ። እኔ ጽሑፍ የት አውቃለሁና!»

አበባ ያለበት ሰማያዊ ጨርቅ ማየቴን አስታወስኩ። ሲፈታ እጄ ላይ ተበጣጥሶ ነበር።

«ጨርቆቹ የት አሉ?» አለኝ።

«አሉ» አልኩት። አልሰማኝም፤ አፌን አይቶ ግን ያልኩት ገባው።

ላፕቶፑን ይዤ ወደ ሰፈራ መንደራችን ሄድኩ። ከእናቴ ጋር ከወሎ አብረው የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሁንም እዚያው ናቸው። ማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን የሴት ድምፅ ያለባቸውን በየተራ ከፈትኩላቸው። የሰርግ ዘፈን አንዷ ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ሃያ ሴት አንድ ላይ ነው። እሳቸው ብዙውን ለዩት። «ይሄ የእከሊት ሰርግ ነው፤ ይቺ እህቷ ናት፣ ይቺ አሁን የለችም፣ ይቺም የለችም» እያሉ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ደነገጡ፤ የራሳቸው ድምፅ ነበር። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ።

አንድ ካሴት ላይ የምትመራዋ ሴት ድምፅ ስትጀምር እጄን ያዙኝ።

«እናትህ ናት።»

አቆምኩት። መልሼ ከፈትኩት። ትንሽ ሻከር ያለ፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ከፍ የሚል ድምፅ ነው። የምሆነው ጠፋኝ። ከዚያ ግን የቀሩትን ስንሰማ፣ ሦስት ካሴት አልፈን ሌላ ሴት ስትመራ እማማ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ኧረ ይቺ ናት መሰለኝ... የኔ ልጅ፣ ይቺም ትመስለኛለች። የፊተኛዋ አክስትህ ትሆን እንዴ? ድምፃቸው አንድ ነበር እኮ፤ ሰው ሁሉ ይሳሳት ነበር።»

ደጋግመን ሰማናቸው። በደገምን ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ተጠራጠሩ። አክስቴም ከሞተች ቆይታለች። ላፕቶፑ ባትሪው ሊያልቅ ሲል እማማ «አታስቸግረኝ ልጄ፣ እኔም እንዳላሳስትህ ፈራሁ» አሉኝ፤ ተነሥቼ ሄድኩ።

የቀረችው እህቴ ናት። ከአሶሳ ፓዌ በቀላሉ የሚደረስበት መንገድ ስላልሆነ ሁለቱን ድምፆች ቆርጬ በስልክ ላክሁላት። የማን እንደሆኑ አልነገርኳትም። ወዲያው ደወለች።

«ሁለተኛው ነው» አለች። «ምንም አልጠራጠርም። ስትፈጭ የምታዜመው እንደዚህ ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን። በማግስቱ ጠዋት፣ ክፍል ልገባ ስል ደግማ ደወለች። ሌሊቱን ስታዳምጥ እንዳደረች ነገረችኝ።

«የመጀመሪያውም ትመስለኛለች» አለች። «አላውቅም። ልጅ ነበርኩ እኮ።»

ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎቹ እየገቡ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እሷም አልዘጋችውም።