በሊዮን የወረወርኋት የሌባ ቦርሳ

በጆሃንስበርግ ጠንቃቃ ሰው ሁለት ቦርሳ ይይዛል፤ አንዱ የራሱ ነው፣ ሌላው የሌባው። ይህን ያስተማረኝ ከከተማው ወጣ ባለው ጻካኔ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው ባለቤቴ ነው። እሱና ጎረቤቶቹ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት በምትታይ መሳቢያ ጥቂት ራንድ ይተዋሉ። «የመጣው ሰው ባዶ እጁን ከሄደ ይናደዳል» ይላል። እኔም በሙያዬ የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ በጠባዬም ሁሉን አስቀድሜ ማሰናዳት የምወድ ሴት ስለሆንሁ፣ ምክሩን ተቀብዬ አንዲት ያረጀች ቡናማ ቦርሳ ለዚሁ መደብሁ። ውስጧ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ ትንሽ ገንዘብና ክብደት እንዲኖራት ያህል አንድ የተበላሸ ስልክ አለ። እውነተኛው ቦርሳ ከልብሴ ሥር ይታሰራል።

ወደ ሊዮን ስሄድም የሌባውን ቦርሳ አልተውሁም።

ሊዮን በፈረንሳይ አገር፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረች ጥንታዊ ከተማ ናት። የሄድሁት ስለ ውኃ ጥራት በተዘጋጀ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ለመካፈል ሲሆን፣ ስብሰባው ካበቃ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ነፃ ነበርሁ። ልጄን አብሬ የወሰድኋት ለዚያ ቀን ስል ነው። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «አገር ትይ ብዬ ነው» እል ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር።

በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ፣ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ፣ ዮቪል በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ መግቢያ፣ ከደረጃው ሥር ባለው ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠብቀው ስልኳንና ቦርሳዋን ቀሟት። አካሏን አልነኩም፤ ለዚህም ፈጣሪን አመስግነናል። ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ኮሪደር ብቻዋን አልፋ አታውቅም። በር ላይ ሆና ትደውልልኛለች፤ ወርጄ አመጣታለሁ። በእግር መሄድንም ተወች፤ ጥግ ላይ ላለው ዳቦ ቤት እንኳ መኪና ትጠራለች። ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ ከአባቷ ደንበኞች ጋር በዙሉ ቋንቋ የምትቀላለድ፣ የትኛው ታክሲ የት እንደሚያደርስ ለእኛ የምታስረዳን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በማያስፈራ ከተማ ከጧት እስከ ማታ ብትራመድ፣ ምናልባት እግሯ የቀድሞ ነገሩን ያስታውስ ይሆናል ብዬ ነበር ተስፋ ያደረግሁት። ካላስታወሰ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ጧት ወንዙን በድልድይ ተሻግረን ወደ አሮጌው ሰፈር ገባን። ቤቶቹ ብርቱካንማ፣ ሰናፍጭማ፣ የደበዘዘ ሮዝ ቀለም ተቀብተው እርስ በርሳቸው ተደጋግፈዋል፤ ከበላያቸው፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ያያቸዋል። ልጄ ክንዴን ይዛ በግድግዳው በኩል ትሄዳለች። ከኋላችን የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቆማ ታሳልፋለች። እኔ በበኩሌ ስልኬን አላወጣሁም፤ ካርታውን ከመምጣቴ በፊት በቃሌ አጥንቼው ነበር።

«ማሚ፣ ቱሪስት እኮ ካርታ እያየ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

«ካርታ የሚያይ ሰው መንገድ እንደማያውቅ ያስታውቃል።»

«እኛ እናውቃለን?»

«እኔ አውቃለሁ።»

አላወቅሁም ነበር። ተሳስተን አንድ የእንጨት አሻንጉሊቶች መሸጫ ፊት ለፊት ደግመን አለፍን። ልጄ በመስታወቱ ውስጥ ለተቀመጠው አፍንጫ ጎራዳ አሻንጉሊት በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና፣ አሁንም እኛው ነን» አለችው። ድምጿ ውስጥ የቀድሞዋን ልጅ ሰማሁና ልቤን ሞቅ አለው፤ ግን ወዲያው ክንዴን መልሳ ያዘች።

ያ ሰፈር ትራቡል በሚሏቸው መተላለፊያዎች የታወቀ ነው። ተራ የመኖሪያ ቤት በር ሲገፉ ጠባብና ጨለማ ኮሪደር ይገኛል፤ ኮሪደሩ ወደ ግቢ፣ ግቢው ወደ ሌላ ኮሪደር፣ ያም ወደ ሌላ መንገድ ያወጣል። የሐር ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ጨርቃቸውን ዝናብ ሳይነካው ያመላልሱባቸው ነበር ይባላል። ይህን ሁሉ አስቀድሜ አንብቤ፣ የቀኑም ዋና ጉብኝት እንዲሆን ወስኜ ነበር። ሳነብ ግን በሐሩ ተመስጬ የኮሪደሩን ነገር አላሰብሁም። ያሰብሁት በሩ ፊት ስንቆም ነው።

ልጄ በሩን በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ጨለማውን አየች፤ እጇን ሰበሰበች።

«አልገባም።»

«የሰው መኖሪያ እኮ ነው። ውስጡ ሰዎች አሉ።»

«የእኛም ሕንፃ ውስጥ ሰዎች ነበሩ» አለች።

በሩ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ምሳ የበላነው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ምግብ ቤት ነበር። ያስተናገደችን ባለቤቷ ድምፀ ጎርናና፣ ሰፊ ሽርጥ የታጠቀች ሴትዮ ናት። የምግቡን ዝርዝር በቅጡ ስላልተረዳነው በጣት አመልክተን ያዘዝነው የምስር ሰላጣ ሆኖ መጣ።

«ፈረንሳይ ድረስ መጥተንም ምስር?» አለች ልጄ። ሳህኑን ግን ጨረሰችው። እኔ በጨዋ ደንብ ተቀምጬ ስለ ከተማዋ ታሪክ ነገርኋት። በልቤ ቀኑ እንደ ከሸፈ፣ ቤታችን ስንመለስም እንደ ወትሮው ደረጃ እየወረድሁ እንደማመጣት እያሰብሁ ነበር።

ከወጣን በኋላ ሰው የማይታይበት ቀጭን መንገድ ውስጥ ስንደርስ፣ ከኋላችን የሚሮጥ እግር ሰማሁ። ከዚያም «ማዳም! ማዳም!» የሚል ጩኸት።

እኛ ሰፈር ከኋላ የሚሮጥ እግር ትርጉሙ አንድ ነው። ልጄን ወደ ግድግዳው ገፍቼ በጀርባዬ ከለልኋት፤ የሌባውን ቦርሳ ከትከሻዬ አውርጄ ወደ መጣው ሰው ወረወርሁ፤ ዓይኔንም መሬት ላይ ተከልሁ። የሌባ ፊት አይታይም፤ ፊቱን ያየ ሰው መዘዝ ያተርፋል።

ሩጫው ቆመ። የሚታየኝ ነጭ ሽርጥ ነበር።

ቀና ስል የምግብ ቤቱ ባለቤት ናት፤ እያለከለከች፣ በአንድ እጇ ልጄ ወንበር ላይ የረሳችውን ጃኬት አንጠልጥላለች። እግሯ ሥር የወደቀውን ቦርሳ ተመለከተች፤ እኔን ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ በሽርጧ ጠረገችው፤ ከጃኬቱ ጋር ደርባ አስታቀፈችኝ። ያልገባኝን አንድ ነገር በፈረንሳይኛ ተናግራ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ተመለሰች።

ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ደነገጥሁ። ለካ እየሳቀች ነው።

«ማሚ! ጃኬት ላመጣችልሽ ሴትዮ ቦርሳ ወረወርሽባት!»

«ለሌባ ነበር ያዘጋጀሁት» አልሁ፤ የምለው ጠፍቶኝ።

«መለሰችልሽ እኮ! በሽርጧ ጠርጋ! የሌባ ቦርሳሽን ሌባም አልፈለገውም!» እንባዋን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረገች ሳቀች። እኔም በመንገድ ላይ ጮክ ብዬ መሳቅ ልማዴ ባይሆንም ሳቅሁ። ግን እየሳቅሁም ከልብሴ ሥር የታሰረውን እውነተኛውን ቦርሳ በእጄ ጨብጬ ነበር፤ ልጄ አየችው። ሳቋ ቀስ እያለ በረደ።

«አንቺም ትፈሪያለሽ እንዴ?»

«እፈራለሁ።»

«እኔን ለማምጣት ደረጃውን ስትወርጂ?»

«ያን ጊዜማ ይብሳል።»

«ኤሽ» አለች፤ የጆሃንስበርግ ልጆች ነገር ሲገርማቸውም ሲያሳዝናቸውም የሚሉትን። «ፊትሽ እኮ ምንም አያሳይም። እኔ ብቻዬን የምፈራ ነበር የሚመስለኝ።»

ተነሣች፤ ጃኬቷን ለበሰች፤ ክንዴን ሳትይዝ ወደ መጣንበት መንገድ ዞረች። ጧት «አልገባም» ያለችበት በር ፊት ስትደርስ ነው የገባኝ።

«ነይ» አለችኝ። «ከኋላዬ ሁኚ።»

የመብራቱን ማብሪያ ተጭና ገባች። ተከተልኋት። መሀል ስንደርስ መብራቱ ለካ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ኖሮ ድርግም አለ። እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ፤ ድንጋዩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። የልጄን ኮቴ አዳመጥሁ። ወደ ኋላ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«በቃ፣ ግድግዳውን ይዘሽ ነይ።»

ወደ ግቢው ወጣን። ክብ የደረጃ ግንብ፣ በሰንሰለት የታሰረ ብስክሌት፣ ከአንድ መስኮት የሚወጣ የሽንኩርት ጥብስ ሽታ። ልክ እንደ ሕንፃችን ሽታ ነበር። ሁለተኛውን ኮሪደር ልጄ መብራቱን ሳትፈልግ አለፈችው፤ በሩን ስትከፍተው ሌላኛው መንገድ ፀሐይ ሞልቶት አገኘነው። የራሴ ትከሻ እስከዚያ ድረስ የት ተሰቅሎ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ሲወርድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት የልጄን ጀርባ ነው። ያገኘችውን በር ሁሉ እየገፋች ገባች፤ የተቆለፈ ሲያጋጥማት ተቆጣች። ኮረብታውን ከእኔ ቀድማ ወጥታ ከላይ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ በየአግዳሚ ወንበሩ አረፍ እያልሁ፣ ካጠናሁት ካርታ አንዱንም ሳላስታውስ፣ ወደ መራችኝ ሄድሁ።

ጆሃንስበርግ የደረስነው ጧት ነበር። መኪናው በራችን ላይ አወረደን። ሻንጣዎቹን አስወርጄ ዞር ስል ልጄ አጠገቤ የለችም። ከኮሪደሩ ውስጥ ለሕንፃው ዘበኛ «ሳውቦና ባባ!» ስትል ድምጿን ሰማሁ፤ ከዚያ ኮቴዋ ደረጃውን ሲወጣ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይቆምም። ሻንጣዎቹ መሀል ቆሜ እስኪያበቃ አዳመጥሁት።

የቤታችን መስኮት ተከፈተ።

«ማሚ!» አለች፤ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። «ሻንጣ የሚያግዝሽ ሰው ከመጣ ቦርሳ እንዳትወረውሪበት!»