ማንም ያልከፈለው ቆጣሪ

የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሃያ ስድስት ዓመት በየግቢው እየዞረ ቁጥር ሲጽፍ ኖሯል። ሥራው ከእግር በቀር ብዙ ስለማይጠይቅ፣ ጭንቅላቱ ሥራ እንዳይፈታ በየቆጣሪው ክዳን ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ማካፈል ለመደ። ይኼኛው ለሰባት፣ ያኛው ለአሥራ ሦስት እያለ ይሄዳል። ባልደረቦቹ «ከፋፍለህ ግዛ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ በዚያው ጸናበት።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ገባ። ቆጣሪው ግማሹ ጭቃ ለብሷል። ከመለያ ቁጥሩ የታየውን ጻፈ፤ 7393913። መንገድ ላይ በትንንሾቹ ቁጥሮች ሞከረው፤ እምቢ አለ። በየምሳ ሰዓቱ ሒሳብ ማሽኑን እያወጣ፣ ራሳቸው የማይከፈሉትን ብቻ እየመረጠ በቀን ሃያ ሃያ አካፋይ እየሞከረ እስከ 2719 ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚያልፈው መሞከር እንደማያስፈልግ ያውቃል። ምንም። ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነበር።

በወሩ ሲመለስ ለሴትዮዋ ነገራቸው።

«እማማ፣ ይኼ ቆጣሪዎ አልከፈል አለኝ።»

«ምነው ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ከፍዬ የለም እንዴ» ብለው ደረሰኝ ሊያመጡ ተነሡ። ነገሩን ሲያስረዳቸው ሳቁ፤ ክዳኑንም በጨርቅ ወለወሉለት። ከጭቃው ሥር በስተቀኝ አንድ ሌላ 3 ብቅ አለ። ቁጥሩ ለካ 73939133 ኖሯል።

ልፋቴን ውሃ በላው ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ። ከሁለት ወር በላይ ፈጀበት፤ ይኼም አልተከፈለም። ያኔ አንድ ነገር ጠረጠረ። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በጣቱ ሸፈነ፤ 739391። አልተከፈለም። 73939። 7393። 739። 73። 7። አንዱም አልተከፈለም። ሒሳብ ማሽኑን አስቀምጦ ምሳውን ሳይነካ ተነሣ።

ሴት ልጁ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ማታ ሲያሳያት ኮምፒውተሯ ላይ መረመረችው።

«አባዬ፣ ከቀኝ አንድ አንድ አሃዝ እየተነሣም ከማይከፈሉት ቁጥሮች ከዚህ የሚበልጥ የለም። ይኼ የመጨረሻው ነው።»

አላመናትም። ከመጨረሻው አሃዝ ቀጥሎ አንድን ጨመረበት፤ ሦስት አካፈለው። ሰባት ጨመረበት፤ አሁንም ሦስት አካፈለው። ሦስትና ዘጠኝ ሲጨመሩ ጥቂት አንገራገረ እንጂ መከፈል አልቀረለትም።

ማን እንዲህ አድርጎ እንደሠራው ጠየቃት። ማንም አልሠራውም አለችው፤ ፋብሪካው ተራው ደርሶ ቀረጸው እንጂ፣ ሰው መቁጠር ሳይጀምርም እንዲሁ ነበር። ይኼን ሲሰማ ስንት ዓመት የነካው፣ የጻፈው፣ ረግጦት ያለፈው ቁጥር ሁሉ ትዝ አለው።

በሚቀጥለው ወር ለሴትዮዋ ሲያጫውታቸው መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪው አጠገብ በርከክ አሉ። በመርፌ የሻከረ አውራ ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየገፉ፣ «አሁንስ?» ይላሉ።

«አይከፈልም።»

«አሁንስ?»

«አይከፈልም፣ እማማ።»

ሰባት ብቻውን ሲቀር ሴትዮዋ ጣታቸውን አነሡ። ከዚያ የወሩን ፍጆታ መዝግቦ፣ ተሰናብቷቸው ወደ ቀጣዩ ግቢ አለፈ።