የላህ ቁልቁለትና የአባባ ሳይክል

ሳይክል ቁልቁለት ላይ ሲለቀቅ፣ ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻ ሲበር፣ ከኋላ ቅርርር የሚል ድምፅ ያወጣል። ሰሞኑን ቡሬ ከቤቴ ደጅ ቆሜ አንድ ወጣት ያን ድምፅ እያሰማ ቢያልፍ፣ የያዝኩት ዘንቢል ከእጄ ሊወድቅ እስኪል ደንግጬ፣ ዐሥር ዓመቴ ሆኖ፣ ከአባባ ጀርባ ተለጥፌ፣ የነጠላቸው ጫፍ ፊቴን እየጠፈጠፈኝ ወደ ላህ ወንዝ የምወርድ መሰለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቴም ምን ነካት ብላ ሳታየኝ አልቀረችም።

አባባ የምላቸው አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር ነው፤ የሚቀድሱባት ደብር ግን ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ያለችው የገጠር ማርያም ነበረች። በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ታስኬዳለች። ጉልበታቸውን እያመማቸው መንገዱ ሲከብዳቸው፣ አስተማሪ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ሩቅ አገር ሲዛወር ሳይክሉን ትቶላቸው ሄደ። መስከረም ነበር። ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ አባባ በባዶው የኳስ ሜዳ መንዳት ይማሩ ነበር፤ እኔ ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ እሳቸው ደግሞ በወደቁ ቁጥር ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥተው እንደገና ይወጡበታል። አባባ የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ቁጡም አልነበሩም፤ ብቻ ሳቅ ለካህን አይሆንም ብለው ይሁን ወይ ተፈጥሯቸው እንዲያ ሆኖ፣ ደስ ሲላቸው ጢማቸውን ከመዳበስ አያልፉም ነበር።

በጋው ሲገባ፣ ጤፉ ታጭዶ አውድማው ሁሉ ሲሞቅ፣ የቅኔ መምህራቸውን ለመጠየቅ ወደ ቡሬ ይወስዱኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳይክል መፍጠን የሚባል ነገር አልነበረም። ካህን ናቸውና ከፊት የሚመጣ ገበሬ ሁሉ «ይፍቱኝ አባ» እያለ ጎንበስ ይላል፤ አባባም ፍሬን ይይዛሉ፣ ይወርዳሉ፣ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው አሳልመው እንደገና ይወጣሉ። ይህ ሳያንስ፣ በየኮረብታው የጽድና የዋንዛ ደን ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ባለ ቁጥር መውረድ፣ ሦስት ጊዜ እጅ መንሣት አለ። መሐል መንገድ ላይ ካለችው ማንኩሳ ከተማ ስንደርስ ስንቴ እንደወረድን ቁጥሩ ይጠፋኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቤታችን ደጅ በእግሩ ጥሎን ያለፈ ሰው ቡሬ ስንገባ ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ አገኘነው። እኔ ግን አልቸኩልም ነበር፤ አባባ እየነዱ፣ ቡሬ ድሮ ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ከነበቅሎው የሚያርፍባት አገር እንደነበረች፣ ከየትኛው ቀዬ የትኛው ሊቅ እንደወጣ ይተርኩልኝ ነበር፤ ያረጁት የቡሬ የጭቃ ቤቶች ዝገት የለበሰ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲታይ የት እንደምንወርድ በዐይኔ እፈልግ ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲገባ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አያ ምንይችል ቤታችን መጡ። ረጅም፣ ምርኩዛቸው ላይ ሁልጊዜ ሁለት እጃቸውን ጭነው የሚቆሙ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ደብሩ ክዳን ብዙ ከተጨዋወቱ በኋላ ነው ወደ መጡበት ነገር የገቡት።

«አባ፣ በቅሎ እንኳ ገደል ስታይ ትቆማለች። ይኸ ብረት ምን አይቶ ይቆማል?»

አባባ ፍሬኑን አሳዩዋቸው። አያ ምንይችል አልረኩም። ደብራችን ሁለት ቄስ ብቻ ነው ያሏት፤ እርስዎና ሸምገል ያሉት አባ ገብረ ሥላሴ፤ አንዱ ከጎደለ ሁለት ቄስ ከሦስት ዲያቆን ሆነው የሚቀድሱት አምስቱ ልኡካን አይሟሉም፣ ቅዳሴው ይታጎላል አሉ። በመጨረሻም ቃል አስገቧቸው፤ በዚህ ብረት ሰበብ አንድ ቀን ቅዳሴ ከታጎለ፣ ሳይክሉ ከአባባ እጅ ይወጣል። አባባ እሺ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥንቃቄያቸው ሌላ ሆነ። የሚቀድስ ካህን ከሌሊት ጀምሮ ወደ አፉ ምንም ማስገባት የለበትም፤ ጠብታ ውኃም ሆነ ዝንብ ከገባ የዚያን ቀን መቅደስ አይገባም። ስለዚህ አባባ ሲነዱ በነጠላቸው አፋቸውን እስከ አፍንጫቸው ይጠመጥማሉ፤ ወደ ላህ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለትም ከላይ እስከ ታች ፍሬን ጨብጠው ነው የሚወርዱት። እኔ ደግሞ በወረድን ቁጥር «አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይልቀቁት» እያልኩ እለምናለሁ። አንድም ቀን ሰምተውኝ አያውቁም።

ክረምቱ ገባ፣ ፍልሰታም ደረሰ። የፍልሰታ ጾም የልጆች ጾም ነው። እኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳይበላ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ማን ይበልጥ እንደቻለ እየተፎካከረ ይውላል፤ በየቀኑም ይቆርባል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጠዋት ዘንቦ አባርቶ፣ ፀሐይዋ ብቅ ብላ አስፋልቱ እየተነነ፣ ከአባባ ጋር ለቅዳሴ ወጣን። ግራና ቀኙ በአረንጓዴ ተሸፍኖ፣ በቆሎው ከሰው በላይ ሆኖ፣ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ቁልቁለቱ ራስ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ለመንኳቸው። ምን እንደነካቸው እስካሁን አላውቅም፤ ፍሬኑን ለቀቁት።

ነፋሱ ጆሮዬን ዘጋው። ጎማው ያን ድምፁን ያሰማል፣ ነጠላቸው ተፈቶ ከኋላ እየተርገበገበ ይመታኛል፣ ጀርባቸው ላይ ጉንጬን ለጥፌ ስይዛቸው ከውስጣቸው የሆነ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እየሳቁ ነበር። አባባ እንደ ልጅ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እየጮኹ ይስቁ ነበር። እኔም ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ድልድዩ ጋ ልንደርስ ስንል ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ፍሬን ይዘው ወረዱ፤ ጎንበስ ብለው ተፉ፣ ሳሉ፣ እንደገና ተፉ።

«ገባች» አሉ።

«ምን?»

«ዝንብ።»

የሆነው ነገር ወዲያው ገባኝ። ቅዳሴ ሊገባ አንድ ሰዓት ነው የቀረው። ማዶ ልጆቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አያ ምንይችል ይጠብቃሉ። ሳይክላችን ሊሄድብን ነው፤ ያስደረግሁትም እኔ ነኝ። «ተፍተዋታል እኮ አባባ» አልኩ። እሳቸው ድልድዩን ተደግፈው የደፈረሰውን ወንዝ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳይክሉን እየገፉ ዳገቱን ወጡ።

ደብሩ ቅጥር እንደገባን በቀጥታ ወደ አያ ምንይችል ሄደው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቁልቁለቱን ለቅቄው ስስቅ ዝንብ ገባብኝ፣ ዛሬ መቀደስ አልችልም አሉ። ዛፉ ሥር ነጭ የለበሱት ሕፃናት ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ቀና ብለው እናቶቻቸውን አዩ። አያ ምንይችል ሳይክሉን አዩት፣ አባባን አዩ። በከተማው ደብር የዚህ ሳምንት የቅዳሴ ተራ ያልደረሰው ቄስ እንደማይጠፋ፣ ሁሉም እንደሆነ በጾም እንዳለ፣ አባ ገብረ ሥላሴ ጥቂት ከታገሡ እሳቸው አንዱን ይዘው እንደሚመለሱ አባባ ተናገሩ።

«በምን?» አሉ አያ ምንይችል።

«በዚሁ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። «ይሂዱ እንግዲያ።»

አባባ ሁልጊዜ እየገፉ የሚወጡትን የከተማውን ዳገት የዚያን ቀን ተቀምጠውበት ነው የወጡት፤ ከማዶ ሆነን ነጠላቸው ነጭ ነጥብ እስኪሆን አየናቸው። እኔ ከአያ ምንይችል አጠገብ ቀረሁ። ሆዴ አልችል ብሎ ፍሬኑን እንዲለቁ የለመንኳቸው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ሲስቁ ሰማሻቸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ድቁና ተቀብለው ከመጡ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እኔ ሰምቼ አላውቅም።»

እኔም አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ሕፃናቱ እናቶቻቸው ጭን ላይ ማንቀላፋት ሲጀምሩ ከታች የሳይክል ደወል ተሰማ። አባባ በላብ ተጠምቀው ይገፋሉ፣ ከኋላቸው አንድ ቀጭን ቄስ ከዐይናቸው በቀር ፊታቸው ሁሉ በነጠላ ተጀቡኖ፣ በአንድ እጃቸው አባባን ይዘው በሌላው መስቀላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቅዳሴው ተገባ። እኛም ቆረብን። አባባ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ቆመው አስቀደሱ፤ ልብሰ ተክህኖ ሳይለብሱ በቅዳሴ ሰዓት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ቅዳሴው አልታጎለምና ሳይክሉም ከእኛ አልሄደም። ስንወጣ አያ ምንይችል ጠጋ ብለው ፍሬኑን እንደገና እንዲያሳዩዋቸው አባባን ጠየቁ፤ በእጃቸውም ጨበጥ ለቀቅ አድርገው ሞከሩት።

አባባ አሁን አርጅተው ከቤት አይወጡም። ባለፈው ፍልሰታ ልጠይቃቸው ሄጄ ያን ቀን አነሣሁባቸውና ለምን እንደተናገሩ ጠየቅኋቸው። ካህን ነኝና ይሉኛል ብዬ ነበር። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ድልድዩ ላይ ዝም ብዬ ልገባ ነበር» አሉኝ። «ልጆቹ ቆመዋል፣ ዝንቧን ተፍቻታለሁ፣ ማን አየ አልኩ። ዘወር ስል አንቺ አለሽ።»

ዛሬ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው፤ በየቀበሌው የምዞርበት ሞተር ሳይክል አለኝ። መንገዱ ከያኔው ሰፍቷል፣ ባጃጁ በዝቷል፣ መስቀል ለመሳለም የሚያስቆመኝም የለም፤ አባባን ጠይቄ ስመለስ የላህን ቁልቁለት በአንድ ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ዝናብ ሲበረታ ያልደረስኩበትን ቀበሌ ደርሻለሁ ብዬ ሪፖርት ልጽፍ የሚቃጣኝ ቀን አለ። ጠዋት ጠዋት ልጄን ከኋላዬ አስቀምጬ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፤ ወገቤን ይዛ፣ ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ከኋላ ሆኜ አባባ የሚያደርጉት ሁሉ ሳይቸግራቸው የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እሷም የእኔን እንዲያ ታስበዋለች።