ባጃጅ የሌላት አምቦ

በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ አንድ እስክሪብቶና አንድ ደብተር ሰጥተውኝ አምቦ መናኸሪያ በር ላይ አቆሙኝ። «የሚገባውንም የሚወጣውንም ቁጠር» አሉኝ። የእጃጂውን መኪና ከአዲስ ዓለሙ እየለየሁ፣ አራት ሰረዝ አቁሜ አምስተኛውን እያጋደምኩ ዋልኩ። ማታ ሳስረክብ ደብተሩን ሳይገልጡ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ቆጣሪነት እንዲህ የተከበረ ሙያ ነው።

ለዓመታት መሳቢያ ስሞላ ከኖርኩ በኋላ ዲጂታል መንትያ የሚባል ነገር መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያ፣ ኢንጂነር ሰላም፣ አስረዱን። የከተማዋ ግልባጭ ኮምፒውተር ውስጥ ይሠራል፤ መንገዱም፣ ፌርማታውም፣ ተሽከርካሪውም ይገባበታል። አንድ ፌርማታ ከመነሳቱ በፊት እዚያ ተነስቶ ምን እንደሚከተል ይታያል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ቆጠራውን እንድመራ ተሾምኩ፤ በደንብ ከተወጣሁት የደረጃ ዕድገት እንደሚጠብቀኝም ተነገረኝ። ሹመት ያለ ልብስ አያምርምና ለቆጣሪዎቹ ሁሉ ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ አስገዛሁ። የባጃጅ ተራ ያለበት የጤና ጣቢያው በር ላይ ሦስት ቀን ተገተርን። መንገዱ ጭር አለ። እኔም «አምቦ ሥርዓት ያዘች» ብዬ ደስ አለኝ።

ስክሪኑ ላይ የወጣችው አምቦ ታምር ነበረች። ግርግር የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ ባጃጅ ለመድኃኒት እንኳ የለ። ኮምፒውተሩም የሰጠነውን አስልቶ፣ የጤና ጣቢያው በር የባጃጅ ተራ ጥቅም ስለማይሰጥ ይነሳ አለ። አለቃዬ በማግስቱ እንግዶች ፊት ሊፈርሙበት ተዘጋጁ።

ወሬውን የሰሙት የባጃጅ ማኅበሩ ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«አካም ቡልታን፣ ኢንጂነር?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉኝ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ሰው ሲቆጣ ግን ማዕረግ ይጨምርልኛል።

«ተራው ተነስቶ ወላድ ያንን ዳገት በእግሯ ትውጣው?»

«ኦቦ ገመቹ፣ ሦስት ቀን ቆመን አንድ ባጃጅ አላየንም እኮ።»

«እንዴት ታዩናላችሁ! ያንን ቢጫ ለብሳችሁ፣ ትራፊክ መንጃ ፈቃድ ሊነጥቅ ወጥቷል ብለን መብራት እያበራን ተነጋገርን። በሽተኛውን ሁሉ በጓሮ በር ነው ያወረድነው።»

አፈርኩ። ሰደርያውን የመረጥኩት እኔ፣ ቁጥሩ ላይ የፈረምኩት እኔ። ዝም ብል ማንም አይደርስብኝም ነበር፤ ዝም ልልም ቃጥቶኝ ነበር። ዕድገቱ ያጓጓል።

በማግስቱ አለቃዬ እስክሪብቷቸውን ሲያወጡ እጄን አነሳሁ።

«ቁጥሩ ስህተት ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩና ነገሩን ዘረዘርኩ። አለቃዬን ሳል ያዛቸው። ኢንጂነር ሰላም ግን «እንደገና ለመቁጠር ስንት ቀን ይበቃል?» ብቻ አሉ።

ሁለተኛውን ቆጠራ የዘወትር ልብሳችንን ለብሰን፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን አካሄድነው። የስክሪኗ አምቦ ወዲያው ተጨናነቀች፤ ያኔ ገና መንትያ መሰለች። ስክሪኑ ላይ ተራውን አንስተን ስንሞክር በሽተኛ የጫነው ባጃጅ ሁሉ በየቦታው እየቆመ ዋናውን መንገድ ዘጋው። ስለዚህ ተራው ባለበት ጸና፤ ሁለተኛ መውጫም ተከፈተለት።

ዕድገቱን ያገኘው አንድም ቀን ተሳስቶ የማያውቅ ባልደረባዬ ነው። አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም።

አዲስ ቆጣሪ ሲመጣ የምነግረው ይህንን ነው፦ ዜሮ ከመጻፍህ በፊት ሹፌሮቹን ጠይቅ።