ልጄን በእንግዳ ፊት አላሞገስኩም

ዛሬ የጎረቤቴ የጫልቱ ልጅ ትምህርት ቤት ተደባድቦ፣ እኔ ጫልቱ ቤት ቡና ስጠጣ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ መጣች።

«ጠባዩ እንዴት ነው?» ስትላት ጫልቱ ሳቅ ብላ «ኧረ አውሬ ነው!» አለች።

«እንዳትጽፊው!» ብዬ ጮህኩ። ዝምተኛዋ እኔ!

በደርግ ጊዜ፣ ባሌ በሞተ ዓመት፣ እኔም ስለ ልጄ ጠባይ ተጠይቄ እንዲሁ መለስኩ። ልጅን በእንግዳ ፊት ማሞገስ ነውር ነዋ!

ከቀበሌ የመጣችው ጠያቂ አብሮ አደጌ ነበረች። የገዛ እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ሰነፍ» ሲሏት አብረን ስቀናል። ወጉን እያወቀች፣ «እናቱም አደገኛ ነው ብላለች» ብላ ልጄን ጠባይ ማረሚያ አስገባችው።

ሲመለስ «አንቺ ነሽ ያልሽው» አለኝ።

የዛሬዋ ባለሙያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «እሺ እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። ነገርኳት፤ ውሃ የሚቀዳልኝ ይኸው የጫልቱ ልጅ ነው።

እስቲ እናንተም ልጆቻችሁን እዚህ አሞግሱልኝ።