ዝም ብላ የተላከችው ልጅ

የምሥራች! ሳጥን ተገኘች! የምስር ፍሬ የምታክል፣ አንድ ጎኗ የተንጋደደ፣ በእስክሪብቶ የተሠመረች አራት ማዕዘን ሳጥን። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄአለሁ። ለዚህች ሳጥን ግን አንዲት ሴት ሦስት ወር ሙሉ አንጀቷ አርሯል።

ሴትዮዋ የትምህርት ቤት ነርስ ናት። በየወሩ መጀመሪያ ልጆቹን አንድ በአንድ እያቆመች ስለምትመዝን «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት፤ ልጆች ከላይ ሲሮጡ የጣሪያው ኖራ መዝገቧ ላይ ይራገፋል። አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ እንጨት፣ በሩ አልዘጋ ያለ ቁም ሣጥን፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ስለሠራች፣ ሆዴን አመመኝ የሚል ልጅ ሲመጣ ሆዱ ይሁን የሒሳብ ፈተናው ከበር ሳይገባ ታውቃለች።

አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የሰባት ዓመት ልጅ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«ቁርስ በላሽ?» አለቻት ነርሷ። ዝም።

«ምላስሽን ቤት ረስተሽ መጣሽ እንዴ?» አሁንም ዝም።

ኪሎዋ ደህና፣ ቁመቷ ደህና፣ ዓይኗም ደህና። አስተማሪዋን ብትጠይቃት፣ «እሷማ ጨዋ ናት! ምነው ሁሉም እንደሷ በሆኑልኝ!» አለቻት። ነርሷ ደሟ ፈላ። ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የማይናገር ልጅ በረከት እንጂ ችግር ተደርጎ አይቆጠርም።

ልጅቷን የምታሳድጋትን አክስቷን አስጠራች። አክስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች፣ ቁራጭ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ መጣች።

«ሲስተር፣ የኔው ጥፋት ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እናቷን የቀበርን ለታ ስታለቅስ ስታለቅስ ትንፋሿ ሊቆም ሆነ። እኔ ደግሞ እቅፍ አድርጌ ‹ዝም በይ ሚጣዬ፣ አይዞሽ፣ ዝም በይ› አልኳት። ይኸው ዝም አለች። ሁለት ወሯ።»

«ሁላችንም የምንለው እንደዚሁ ነው፣ እህቴ» አለች ነርሷ። 

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ አለችው፤ የምትቀመጠው ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። እሷ ዘንድ ለመግባት የሪፈር ቅጽ መሞላት አለበት። የጣቢያው ግድግዳ ላይ «የልጅ ጤና ማለት የአካልም የአእምሮም ጤና ነው» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ቅጹ ላይ ያሉት ሳጥኖች ግን ትኩሳት፣ ሳል፣ ተቅማጥ፣ የቆዳ ቁስልና ክብደት መቀነስ ናቸው። አእምሮ የለውም፤ ቅጹን ማለቴ ነው። ከሥር «የተላከበት ምክንያት» የምትል፣ አውራ ጣት የማታስቀምጥ ክፍት ቦታ አለች። ነርሷ «ዝም ብላለች» ብላ ልትጽፍ ጀምራ፣ ቦታው አልቆባት «ዝም ብላ» ላይ ቆመች።

በሳምንቱ ወረቀቱ ተመለሰ። በቀይ ቀለም «ዝም ብሎ ልጅ አይላክም! ምክንያት ይጠቀስ» ይላል።

ሁለተኛ ጊዜ «አትናገርም» ብላ ጻፈች። ልጅቷን ወደ ጆሮና ጉሮሮ ክፍል ሰደዷት፤ ሐኪሙ አፏን በባትሪ አይቶ «ምላሷ ጤነኛ ነው» ብሎ አሰናበታት። ነርሷ ንዴቷን ይዛ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ክብደቷ ቀንሷል?» አሉ።

«አልቀነሰም።»

«ቢቀንስ ይቀለን ነበር።»

«እስኪቀንስ ልጠብቅ?»

«ኧረ ሲስተር፣ እንደሱ ለማለት አይደለም! መመሪያው እየተከለሰ ነው። ትንሽ ይታገሡ።»

«እስከ መቼ?»

«ተከልሶ እስኪያልቅ።»

ከዚያ ቢሮ ስትወጣ ደረጃውን ቆጥራ አልወረደችም፤ ሁለት ሁለቱን ረግጣ ነው የወረደችው። ዝምታ በኪሎ አይመዘን ነገር! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚመዘነውን ስትመዝን፣ የማይመዘነው ስንቱ በጎኗ እንዳለፈ አሰበች። እሷስ ብትሆን ስንቱን ልጅ «ደህና ነው፣ ቀጥል» ብላ አሳልፋለች?

በማግሥቱ ያንን የመጀመሪያውን ቅጽ ይዛ፣ ልጅቷንና አክስቷን አስከትላ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆመች። መስኮቱ ላይ የሚሠራው ሰው ቀኑን ሙሉ «ቀጣይ!» ሲል ስለሚውል ጋሼ ቀጣይ ይባላል።

«ያቺ ዝም ብላ የተላከችው ናት?» አለ ወረቀቱን እያገላበጠ።

«ራሷ ናት።»

«እኮ ምን ሆና?»

«ዝም ብላ።»

«ሲስተር፣ ቀልዱን እንተወው፤ ከኋላዎ ሰው ተሰልፏል። ዝም ብሎ ሪፈር የለም!»

«እንግዲያው ራሷን ይጠይቋት።»

ሰውዬው ጎንበስ አለ። «ማሚቱ፣ ስምሽ ማነው?» ዝም። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ዝም። «ከረሜላ ልስጥሽ?» ልጅቷ ትክ ብላ አየችው፤ ዝም። መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ዝም . . . ብላ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለች» አለች ነርሷ። «ቦታው አልበቃኝም።»

ሰውዬው ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ይቅርታ። ግን እኮ ሳጥን የለውም፣ ምን ላድርግ?»

«ይሥሩላታ!» ብላ ጮኸች አክስትየዋ። «እኔ ቀሚስ ኪስ የለውም ብዬ ደንበኛ መልሼ አላውቅም!»

ሰልፉ ሳቀ። ሰውዬው ከአጠገቡ አንድ ባዶ ቅጽ ሳብ አድርጎ ሳጥኗን ሠመረ፤ ጎኗ ላይ «ዝም ያለ ልጅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ራሱን ያዘ። «ወይ ጉዴ! ይኼ እኮ ዋናው ነው፣ ማባዣው!» ማጥፊያ ፈለገ፤ ያለው ማጥፊያ ደርቋል። ነርሷን አየ፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒው ውስጥ ከተተውና አባዛው። በመጀመሪያው ኮፒ ላይ የልጅቷን ስም ሞልቶ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገና ለሐሙስ ቀጠራት።

የተባዛው ቅጽ ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ታደለ። ያቺን ሳጥን ማን ፈቀዳት ብሎ የጠየቀ የለም፤ የተባዛ ነገር ሁሉ ከላይ የመጣ ይመስላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዝም ያለ ልጅ ተላከ። ሠላሳ አንድ! እስከዚያ ድረስ የት ነበሩ? በየክፍሉ ጨዋ ተብለው ተቀምጠው ነዋ።

ነርሷ ግን የተደሰተችው ለአንድ ጠዋት ያህል ነው። ሠላሳ አንድ ልጅ፣ አንዲት ባለሙያ፣ በሳምንት አንድ ጠዋት! ሁለተኛ ቀን ይጨመር ብላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ ሦስቱም የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ሐሙስ ሐሙስ ኮሪደሩ ይጨናነቃል፤ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። አክስትየዋ ዝም ብላ ማየት ስላልሆነላት አንድ ቆርቆሮ የልብስ ቁልፍና ቁርጥራጭ ጨርቅ እያመጣች ወለሉ ላይ ልጆቹን ቁልፍ ታስተክላለች። እናቶቹ በተራ ውሃ ያቀርባሉ። መንግሥት ያልሠራውን ሰው ሲሞላው ደስ ይላል፤ ነርሷን ግን ይበልጥ ያናድዳታል። «እኛ በቻልን ቁጥር እነሱ ይረሱናል» ትላለች።

ልጅቷ ሦስት ሐሙስ ገባች፣ ሦስቱንም ሐሙስ እንደገባች ወጣች። ዛሬ አራተኛዋ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ነርሷ በሩን በዓይኗ ልትሰብረው ደርሳለች። ይኼኔ ልጅቷ የአክስቷን ቀሚስ ጎተተች፤ በተሻከረ፣ ጉሮሮ በሚጠርግ ድምፅ፣

«ኧረ የኛ ተራ መቼ ነው?» አለች።

የቁልፉ ቆርቆሮ ከአክስትየዋ እጅ ወደቀ። ቁልፉ በኮሪደሩ ተበታተነ፤ ማንም አላነሳም። ነርሷ አፏን ይዛ፣ «እሱን እኮ ነው ሦስት ወር ሙሉ የምጠይቀው፣ እናቴ!» አለች፤ ትስቅ ታለቅስ አልታወቀም። ልጅቷ ግን መልስ ፈልጋለች። ተቆጥታ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ አንድ ጊዜ በሩን አንድ ጊዜ ነርሷን ታያለች። ተራውም ገና ነበር፤ ከፊታቸው አራት ልጆች አሉ።

ጋሼ ቀጣይ ይኼን አልሰማም! ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱን ይዘጋል፤ አሁን ሩብ ጉዳይ ነው። በሉ፣ ሳይዘጋ ልንገረው፣ እኔ ልሩጥ።